የፍራሽ ቤቱ ኢንስፔክተር

«ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ...»

አርባ አንድ ላይ አፍንጫዋን በላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ገና አሁን ተሰፍቶ ባለቀ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። አጠገቧ የቆመችው ደንበኛ በሚመጣው እሑድ የምታገባ ሙሽራ ናት። አባቷ ደግሞ ክንዱን አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ማስነጠስ ማለት ፍራሹን ደንበኛ ፊት መስደብ ነው። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አጣብቃ ቆጠራዋን ቀጠለች።

«ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስድሳ!» ብድግ አለች። «ያልፋል!»

«ሰማሽ አይደል?» አለ አባቷ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ። «ኢንስፔክተሯ ያልፋል ካለች ነገር አለቀ። የልጅ ልጅ ታሳድጊበታለሽ።»

«እኔ እኮ እንቅልፍ ወስዷት እዚሁ ልትቀር ነው ብዬ ነበር» አለች ሙሽራዋ እየሳቀች።

ልጅቷ የቀረውን ጨዋታ አልሰማችም። በጓሮ በር ውልቅ ብላ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ቁጭ አለችና ያመቀችውን ሁሉ ለቀቀችው። አሥራ አንድ ጊዜ አስነጠሳት። ዓይኗ ቀላ፣ ጉሮሮዋን ከውስጥ አሳከካት፣ ደረቷ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን ፉጨት ተሰማት። ካልሲዋ ውስጥ የደበቀችውን ኪኒን አውጥታ ያለ ውሃ ዋጠችው።

አባቷ ፍራሽ አዳሽ ነው። ሰዎች የጎበጠና የጓጎለ ፍራሻቸውን ያመጡለታል፤ እሱ ይፈታዋል፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ በዱላ እየመታ ያፍታታዋል፣ አዲስ ጥጥ ይጨምርበታል። እናቷ በስፌት መኪናዋ አዲስ ጨርቅ ትሰፋለታለች። መጨረሻ ላይ አባቷ ስንዝር በሚያህል መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋ ያጠብቀዋል። እሷ ከመወለዷ በፊት አንድ ጊዜ መርፌ ፍራሽ ውስጥ ረስቶ፣ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ጀርባቸውን ተወግተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቁ የማይሻር ሕግ ወጣ፤ ማንኛውም ፍራሽ ተተኝቶበት እስከ ስድሳ ሳይቆጠር ከበር አይወጣም።

መጀመሪያ የሚተኛው እሱ ራሱ ነበር። አራት ዓመት ሲሆናት ግን አንድ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳትና «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ» ብላ እያለቀሰች ነቃች። ሲፈታው ባቄላ የሚያህል የጥጥ ቋጠሮ አገኘ። «የኔ ጀርባ እንጨት ነው፤ የሷ ግን ሚዛን ነው» አለና ሥራውን አስረከባት። ይኸው አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ኢንስፔክተር» ይላታል፤ የወጣላትን ስም እናቷ ራሷ ሳትረሳው አትቀርም።

ታዲያ ኢንስፔክተሯን ፍራሽ አሳመማት ብሎ ማን ይናገራል? ሐኪም ጋ ብትሄድ የሚላትን ታውቀዋለች፤ «ከሱቁ ራቂ» ነው የሚላት። ከሱቁ ከራቀች ደግሞ ምን ይቀራታል? አባቷ ቤት ሲገባ ደክሞት ዝም የሚል ሰው ነው። የሚያወራው፣ የሚቀልደው፣ የልጅነቱን የሚተርከው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ እናቷ «ይሄ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ወራት የሚቆይ?» ስትላት፣ «የጠመኔ ብናኝ ነው እማዬ፤ የምቀመጠው ፊት ስለሆነ ነው» አለቻት። እናቷም በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ፣ ተሟግታ፣ ወደ መጨረሻው ወንበር አስቀየረቻት። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው በደንብ አይታያትም፤ ማስነጠሱ ግን አልተዋትም።

ሙሽራዋ ፍራሿን ይዛ በሄደች ማግስት የሒሳብ ፈተና ነበር። ልጅቷ ጠዋት አንድ ኪኒን ዋጠች፤ አልሠራ ሲላት ክፍል በር ላይ ሁለተኛውን ደገመች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቁጥሮቹ መዋኘት ጀመሩ። አራተኛውን ጥያቄ ጨርሶ አታስታውሰውም።

«እመቤት፣ ፍራሽ ይምጣልሽ?»

ቀና ስትል የሒሳብ አስተማሪው ከፊቷ ቆሟል። የአባቷን ሥራ የማያውቅ ስለሌለ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ቲቸር፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና አድራ ነው!» አለች ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ይህችን ልጅ «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ማንም ሳይከፍታት ስለምታወራ ነው።

አስተማሪው አብዛኛው ባዶ የሆነውን ወረቀት አየት አድርጎ «ምኑን?» አለና አለፈ።

ፈተናው ሲያልቅ ሬዲዮ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተቻት። «አቦ፣ አሁንስ አበዛሽው! ለእናትሽ ዋሸሁልሽ፣ ለቲቸር ዋሸሁልሽ፣ ነገ ደግሞ ለማን ልዋሽልሽ ነው? ስንት ነው የዋጥሽው?»

«ሁለት። አንዱ መሥራት አቁሟል።»

«በናትሽ! ሁለቱ ሲያቆሙ ሦስት ልትይ ነው?»

«ሙድ አትያዢብኝ። ይልቅ ነይ፣ አልቆብኛል፤ ፋርማሲ እንሂድ።»

ፋርማሲስቷ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ «ያንን ኪኒን፣ ለእናቴ» አለቻቸው። እጃቸው ወደ መደርደሪያው ተዘረጋና መሃል ላይ ቆመ።

«ይሄ በዚህ ወር አራተኛሽ ነው» አሉ። «እናትሽን በየቀኑ በዚህ ስታልፍ አያታለሁ። ዓይኗ ደህና ነው። የቀላው የአንቺ ነው።»

«የኔማ የጠመኔ ብናኝ...»

«ኧረ ጠመኔ! ደረቷ እኮ ያፏጫል!» ሬዲዮ ተከፈተች፤ መዝጊያዋም ጠፋ። «ማታ ማታ ያፏጫል፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። ዛሬ ፈተና ላይ ተኛች። ባለፈው እኛ ቤት ያደረች ቀን ግን አንዴም አላስነጠሳትም! ከኔ ቀድማ ነቅታ ከእናቴ ጋር ቁርስ ስታቀራርብ ነው ያገኘኋት።»

ልጅቷ በክርኗ ጎሸመቻት፤ ግን ዘግይታለች። ፋርማሲስቷ ከጠረጴዛቸው ጀርባ ወጥተው፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን አግዳሚ ወንበር በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አስቀመጧት። መነጽራቸውን አጠለቁ። ማታ ስንት ጊዜ እንደምትነቃ፣ ስትሮጥ ምን እንደሚሰማት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቋት። ልጅቷ የመጀመሪያውን በከፊል ዋሸች። ሁለተኛው ላይ መዋሸት ደከማት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንዳለ ነገረቻቸው። የሱቁን ነገር ብቻ አስቀረች።

«ስሚ የኔ ልጅ» አሉ። «አንዳንድ ሰው በዓመት አንድ ሁለት ሳምንት ያስነጥሰዋል፤ ኪኒን ይውጣል፣ ይተወዋል። ለሱ እኔ እበቃለሁ። አንቺ ግን ኪኒኑ አልሠራ ሲልሽ ትጨምሪበታለሽ። እንቅልፍሽን ወሰደው፣ አሁን ደግሞ ፈተናሽን። ከሁሉ በላይ ደረትሽ ገብቷል። ደረት ከገባ የአለርጂ ስፔሻሊስት ማየት አለበት፤ ከኔ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነገር የለም።»

«ትንሽ ብጠብቅስ? ምናልባት በራሱ...»

«ስትጠብቂ ከረምሽ እኮ!» ከአንድ ባዶ ካርቶን ላይ ቀደዱና ጀርባው ላይ የሆስፒታሉን ክፍልና ስልክ ጻፉላት። «ሐሙስ ሐሙስ ያያሉ። እስከዚያ ድረስ መቼ እንደሚነሳብሽ፣ የት እንደነበርሽ፣ ምን እንደነካሽ ጻፊ። ደግሞ ይሄን ያዢ፤ ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።»

«ኪኒኑስ?»

«ከእናትሽ ወይም ከአባትሽ ጋር ነይና እንነጋገራለን።»

ልጅቷ ባዶ እጇን ወጣች። እስከ ሰፈር ድረስ «ጨካኝ ሴትዮ» እያለች በልቧ አጉረመረመች፤ ከሬዲዮም ጋር አልተነጋገረችም። እንደነዚህ ሁለት ሰዎች ያለ ውለታ ማንም እንዳልዋለላት የገባት በኋላ ነው።

ተናዳም ቢሆን ጻፈች። የፊዚክስ ደብተሯን ከጀርባ ገልብጣ፣ ሰዓቱን በግራ፣ ቦታውን በቀኝ አሰመረች። ሱቅ የገባችባቸው ቀናት መክፋታቸው አላስገረማትም። በተለይ አሮጌ ፍራሽ ሲፈታና ጥጡ ሲመታ ዓይኗ ያብጣል። አዲሱን ጥጥ ሲከፍቱ ግን ይህን ያህል አይሆንም። ትምህርት ቤት ከረፋዱ ጀምሮ ደህና ናት። ያላሰበችው ሌላ ነገር ነው። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ሱቅ የገባችም ያልገባችም ቀን፣ ከሁሉ የከፋው መስመር አንድ ነው፤ «ጠዋት፣ አልጋዬ ላይ፣ ገና ስነቃ።»

ትራሷን አየችው።

ትራሱን የሠራላት አባቷ ነው። ክረምት ላይ «ጉንፋኑ» ሲጠናባት ተጨንቆ፣ «አንገትሽ ዝቅ ስለሚል ነው አፍንጫሽ የሚታፈነው» አለ። ከዚያ ለማንም ያላደረገውን አደረገ። እናቱ፣ ማለትም የልጅቷ አያት፣ ከማረፋቸው በፊት የተኙበትን ፍራሽ ከቆጥ አወረደና ፈታው። ጥጡን ሦስት ቀን ፀሐይ አሞቀው፣ ክሩ እስኪለይ በእጁ አፍታታው፣ ጥቅጥቅ አድርጎ ሞላላት። «የአያትሽ ጥጥ ነው። ከዚህ የተሻለ ጥጥ እጄ ነክቶ አያውቅም» አላት። እሷም በየማታው ፊቷን እዚያ ውስጥ ቀብራ ትተኛለች።

ስለዚህ አባቷ ያሳመማት ሊያሽላት ሲል ነው። ይህን የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? ገጹን ከደብተሩ ቀደደችው። ልትጥለው አልቻለችም፤ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ትራሱን ወደ እግሯ እየገፋች የታጠፈ ሹራብ ተንተርሳ መተኛት፣ ጠዋት ደግሞ አባቷ እንዳያይ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረች።

ቅዳሜ ሱቁ ሥራ በዛበት። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለቀን እንቅልፍ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ትንንሽ ፍራሾች አሳድሶ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት መኪና እልካለሁ ብሏል። አባቷ ይወጋል፣ እናቷ ትሰፋለች፣ ልጅቷ ትተኛለች። ኪኒን የለም። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ አራተኛው ላይ አንድ ቋጠሮ አግኝታ አስፈታች። «እሰይ ኢንስፔክተር!» አለ አባቷ። ስምንተኛው ላይ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ዘጠነኛው ላይ አሥራ ስምንት ስትደርስ አየር አጣች፤ ተነሥታ «ያልፋል» አለችና ወደ ጓሮ ሮጠች። አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ላይ ቁጭ ብላ ብቻ ተነሣች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ ነበር፤ አላየም።

መኪናው መጣ። ሾፌሩ መጫን ሲጀምር አባቷ እንደ ሁልጊዜው መርፌዎቹን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለችው ትንሽ ትራስ ሰካና ቆጠራቸው። አምስት መሆን አለባቸው።

«አራት» አለ። ደግሞ ቆጠረ። «አራት።»

«ወለሉን እየው» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ወለሉ ላይ ነው፤ ሌላ የት ይሄዳል?» ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ መዳሰስ ጀመረ። «ፍራሽ ውስጥማ ቢሆን ኢንስፔክተሯ ታገኘው ነበር።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ዘጠነኛውን፣ ቀጥሎም አሥረኛውን ሲጭን ታያለች። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የሦስት ዓመት ልጆች በሆዳቸው ይተኙበታል። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ አባቷ እንደሆነ ከራሱ ዓይን ይልቅ የሷን ጀርባ ያምናል። እሱን እንዲያ ተንበርክኮ አቧራ ሲዳብስ ማየት ግን ከትንፋሽ ማጠሩ በላይ ደረቷን አስጨነቃት።

«አባዬ፣ አይጫን።»

«ምን አልሽ?»

«ከዘጠነኛው ጀምሮ አልቆጠርኩም።» ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ሳበችና ቀጠለች። «መተንፈስ አቃተኝ። ያልፋል ያልኩት... ለመነሣት ብዬ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ ተነሥታ መጣችና ጆሮዋን የልጇ ጀርባ ላይ አደረገች። ፉጨቱን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ጠመኔ ነው?»

«ጠመኔ አይደለም እማዬ። ጥጡ ነው። ከክረምት ጀምሮ ነው። ፋርማሲስቷ ስፔሻሊስት እዪ ብለውኛል፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።»

«መቀመጫ ለማስቀየር ርዕሰ መምህሩን ልውጣቸው የደረስኩትስ?» አለች እናቷ። እየተቆጣችም ቢሆን ልጇን አቅፋ ወደ ውጭ አወጣቻት፤ አየር ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን እያሻሸች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ በየደቂቃው ታናግራት ነበር።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ሾፌሩ። «ሕፃናቱ የሚተኙት ሰኞ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ቤቴ ልተኛ!»

አባቷ አራቱን ፍራሾች አስወረደና ጫማውን አወለቀ። ያ ትልቅ ሰው በዚያች የሕፃን ፍራሽ ላይ ተጋደመ፤ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነው የያዘችው። ስድሳ ቆጠረ። ዘጠነኛውና አሥረኛው አለፉ። አሥራ አንደኛው ላይ ሃያ ሁለት ሲል «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ፤ መርፌው ትከሻው ላይ ወግቶታል። ሾፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። እናቷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ሳቅ አመለጣት።

አባቷ መርፌውን ስቦ አወጣና በር ላይ፣ ከልጁ አጠገብ ቁጭ አለ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መርፌውን መዳፉ ላይ አገላበጠ።

«አመሰግናለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ዋሽቼህ?»

«ብትዋሺም ተናገርሽ። አሁን ባትናገሪ ሰኞ የአንዱ ልጅ እናት ነበረች የምትነግረኝ።» ዓይኑ ውሃ አቀረረ። «እኔ ደግሞ ያንቺን ትንፋሽ ሳልሰማ የጥጥ ቋጠሮ ስታገኚልኝ እሰይ እላለሁ።»

ሰኞ እናቷ በካርቶኑ ላይ ባለው ስልክ ደወለች። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሆነ፤ ምርመራው እንዳይሳሳት ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የአለርጂ ኪኒን እንዳትወስድ ተነገራቸው። እስከዚያ ሱቅ መግባት ቀረ። ልጅቷ የፈራችው ይህንን ነበር። አባቷ ግን የሥራ ጠረጴዛውን ጎትቶ ከመስኮቱ ሥር አደረገው፤ አሮጌ ፍራሽ የሚፈታውም እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን ሆነ። ከሰዓት በኋላ እሷ ውጭ ግንቡ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እሱ ከውስጥ እየወጋ የልጅነቱን ጨዋታ በመስኮት ይልክላታል። አንዳንዴ ለማረፍ ብሎ ወጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ እንዲህ ደግሞ ድሮ አድርጎ አያውቅም። እናቷም አንድ ቀን ወደ ፋርማሲው ጎራ ብላ፣ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ አልለቅም እንዳለች ሬዲዮ ለሰፈሩ ሁሉ አሰራጨች። ልጅቷ ሬዲዮን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ እሷ ግን «እኔ ከተዘጋሁ አይደል የምትሞቺው!» ብላ ሳቀችባት።

ሐሙስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ የእሑድ ልብሱን ለብሷል። ዶክተሩ መጀመሪያ ደረቷን አዳመጡ፤ በቱቦ አስነፏት። ከዚያ ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፉና በየቁጥሩ አንዳንድ ጠብታ አድርገው ቆዳዋን በስሱ ጫር ጫር አደረጉት።

«አሥራ አምስት ደቂቃ። እንዳታኪው» አሉና አጠገባቸው ያለውን ወረቀት መሙላት ጀመሩ።

«አይዞሽ፣ አብረን እንቆጥራለን» አለ አባቷ በሹክሹክታ። ስድሳ ቆጠሩ፤ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ስድስተኛው ስድሳ ላይ ሦስተኛው ቁጥር ቀላ፤ ከዚያ ትንኝ እንደነደፈው አበጠ። ሌሎቹ ዝም አሉ።

«ይኸውላችሁ» አሉ ዶክተሩ በማስመሪያ እየለኩት። «የአቧራ ተባይ ነው። በዓይን አይታይም። ጥጥ ራሱ ጠላቷ አይደለም፤ ተባዩ ብዙ ሰው የተኛበት አሮጌ ነገር ውስጥ ነው የሚራባው። በጊዜ መጣችሁ። ለደረቷ የሚነፋ መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ በደንብ የሚያዝ ነገር ነው።»

አባቷ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን። ሱቁንማ አስተካክለነዋል፤ አሮጌ ሲፈታ አትደርስም።»

«ቤትስ? የምትተኛበት?»

«ቤትማ ምን ይላሉ!» የአባቷ ፊት በራ። «ትራሷን በእጄ ነው የሠራሁላት። የእናቴ ጥጥ ነው፤ ሦስት ቀን ፀሐይ መትቶት፣ ክር በክር አፍታትቼው። እንደሱ ያለ ትራስ ሱቅ ገብተው አያገኙም።»

ዶክተሩ ብዕራቸውን እንደያዙ ወደ ልጅቷ ተመለከቱ። እሷ ክንዷን አየች፤ ከዚያ የአባቷን ፊት። ይህ ሰው ለሷ ብሎ እናቱ የተኙበትን ፍራሽ ፈትቷል። አሁን ዝም ብትል ፊቱ እንደበራ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሷም ማታ ሹራቧን ተንተርሳ፣ ጠዋት ትራሱን ወደ ቦታው ትመልሳለች። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ያጠፈችውን ገጽ አውጥታ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት።

«አያልፍም፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ገጹን አነበበው። ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ።

«ስንት ቆጠርሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰባት ጠዋት።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በሰፊው፣ በሻካራው እጁ ጭንቅላቷን ዳበሳት።

«እናቴ ብትኖር ዛሬውኑ አውጣው ነበር የምትለኝ» አለ። «ለልጄ ልጅ ያልሆነ ጥጥ ለምኔ ነው ትል ነበር።»

ልጅቷ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። ማዘኗ አልነበረም። አባቷ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«አዲስ ጥጥ ቢሆንስ?»

«አዲስ ይሁን፤ ሽፋኑም ክሩ በጣም የጠበቀ ይሁን። የአልጋ ልብሱ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።»

አባቷ ከእሑድ ኮቱ ኪስ ውስጥ እርሳስና የልኬት ሜትር አወጣ፤ የእሑድ ልብሱም ቢሆን ከነሱ አይለይም። የልጁን ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካና መዳፉ ላይ ጻፈው።

«ስጨርስ ግን ትፈትሺዋለሽ» አላት።

«እስከ ስድሳ» አለችው።